ናኖሜትር፦ ከየት እስከ የት?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1990 ወደ ጠፈር የወጣው የሃብል ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት ወርዱ 2.4 ሜትር ነበር። ገጹን ሞርደው የወለወሉት ባለሙያዎች በአሥር ናኖሜትር ያህል እንኳ እንዳይዛነፍ ደክመዋል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች ወደ ምድር ሲደርሱ ጥርት ብለው መታየት የነበረባቸው ከዋክብት ጭጋግ የከበባቸው መስለው ተገኙ። ምርመራው እንዳሳየው መስታወቱ ወደ ጠርዙ ሲደርስ ከሚገባው በላይ በ2,200 ናኖሜትር ገደማ ዝርግ ሆኗል። ይህ ከቀጭን የራስ ጠጉር ውፍረት ሃያ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

የስህተቱ ምንጭ ከስህተቱ ይበልጥ ያስገርማል። የመስታወቱን ቅርጽ ለመፈተሽ በተሠራው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ ከቦታው በ1.3 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ተገጥሞ ነበር። መሣሪያው በናኖሜትር ደረጃ ያለ ልዩነትን ይለያል፤ መነሻው ግን በባዶ ዓይን በሚታይ ርቀት ተዛንፏል። ሠራተኞቹም መስታወቱን በታላቅ ጥንቃቄ ወደ ተሳሳተ ቅርጽ አደረሱት። ሌሎች ሁለት መፈተሻዎች ጉድለቱን ጠቁመው ነበር፤ ከዋናው መሣሪያ ያነሱ ናቸው ተብሎ ሰሚ አጡ። ቴሌስኮፑ እይታው የጠራለት ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 ወጥተው ማስተካከያ ከገጠሙለት በኋላ ነው።

ናኖሜትር ዛሬ ከጠፈር ተመራማሪዎች እጅ ወጥቶ በየሱቁ የሚነገር ቃል ሆኗል። የስልክ ሻጭ «ፕሮሰሰሩ 4 ናኖሜትር ነው» ይላል፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ማሸጊያ «ናኖ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይመጣል፤ በኮሮና ወቅት ስለ ጭንብል በተደረገው ክርክር የቅንጣት መጠን ይነሳ ነበር። ቁጥሩ ሲነገር ግን አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ያልፋል፤ የተለካው ምንድን ነው? ከየት እስከ የት? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ናኖሜትር፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ያነሰ ቢሆን፣ ለሰሚው የሚነግረው ነገር የለም።

ትርጉሙ ራሱ አያከራክርም። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር አለ። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል፤ ቀይ የደም ሕዋስ ከ7,000 እስከ 8,000፤ የኮሮና ቫይረስ 100 ገደማ፤ የዲኤንኤ ድርብ ጥምዝ ወርድ 2 ብቻ። የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ያድጋል ቢባል፣ በየሰከንዱ ከአንድ ናኖሜትር ጥቂት በለጥ ይላል ማለት ነው።

ቀደምት መለኪያዎች በዚህ ረገድ አንድ በጎ ጠባይ ነበራቸው። ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው፤ ጋት የአራት ጣት ወርድ ነው። አቡጀዲ በክንድ የሚገዛ ገበያተኛ የሻጩ ክንድ አጠረ ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ልኩ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ግን ገዢም ሻጭም ያያሉ። ናኖሜትር የዚህ ተቃራኒ ነው። በቶኪዮም በአዳማም አንድ ነው፤ ጫፎቹ ግን ካልተነገሩ አይታወቁም።

ወደዚህ ልክ የተደረሰው በብርሃን በኩል ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1791 ሜትርን ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ብለው ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1889 ሜትር የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ዘንግ ሆነ። ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ አንደሽ ዮናስ ኦንግስትረም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1868 የፀሐይን ብርሃን በትኖ የያንዳንዱን መስመር የሞገድ ርዝመት ሲያትም የሚሊሜትርን አሥር ሚሊዮንኛ እንደ መለኪያ ተጠቀመ። ይህ ልክ በኋላ በስሙ አንግስትሮም ተባለ፤ የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው። የኦንግስትረም ሥራ እጅግ የተደነቀ ቢሆንም ቁጥሮቹ ሁሉ ከሰባት ወይም ከስምንት ሺህ አንድ እጅ ያህል ተዛንፈው ተገኙ። የተመሠረተበት የሜትር ዘንግ በትንሹ አጠር ያለ ነበርና። የሃብል ታሪክ ከመቶ ዓመት በፊት በወረቀት ላይ ተፈጽሞ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሜትር ክሪፕተን 86 በሚያመነጨው ብርሃን ሞገድ ተተረጎመ፤ «ናኖ» የሚለው ቅድመ ቅጥያም በዚያው ዓመት በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ውስጥ ገባ። ማይክሮን የሚለው የቆየ ስም እ.ኤ.አ. በ1967 ከይፋዊው መዝገብ ሲወጣ ቦታውን ማይክሮሜትር ያዘ፤ በሥራ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ማይክሮን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ ሜትር ብርሃን በባዶ ቦታ በሰከንድ 299,792,458ኛ ክፍልፋይ የሚጓዘው ርቀት ነው።

ናኖሜትር እውነተኛ ጉልበቱን የሚያሳየው በሕክምና ነው። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የላቦራቶሪ ባለሙያው ስላይዱን በጊምሳ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት የወባን ተዋህሲ ያያል። በሌላ ቀለም የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያያል፤ ርዝመቱ ከ2,000 እስከ 4,000 ናኖሜትር ነው። የኤች አይ ቪን ቫይረስ ግን በዚያ ማይክሮስኮፕ ሊያይ አይችልም። ጀርመናዊው ኤርነስት አበ እ.ኤ.አ. በ1873 ምክንያቱን አስረድቷል። ሌንሱ የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ የሚለዩ ሁለት ነጥቦች መራራቅ ያለባቸው ቢያንስ በብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ግማሽ ያህል ነው። ዓይን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ክልል ስለሚገኝ ወሰኑ 200 አካባቢ ይሆናል። ኤች አይ ቪ ከ100 ጥቂት በለጥ የሚል ስለሆነ ከወሰኑ በታች ይቀራል። ይህን ግድግዳ መጀመሪያ የጣሰው እ.ኤ.አ. በ1933 የተሠራው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ኤሪክ ቤትዚግ፣ ሽቴፋን ሄልና ዊልያም ሞርነር በሚያበሩ ሞለኪውሎች አማካይነት በብርሃን ጭምር ከወሰኑ በታች ማየት እንደሚቻል በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

በጤና ኬላ ግን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የታማሚውን ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም ትወስዳለች፤ ፈጣን የወባ መመርመሪያው ላይ ታኖራለች፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃ ቀይ መስመር መውጣት አለመውጣቱን ታያለች። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ላይ ያ ቀይ ቀለም ወርቅ ነው። ጠርዙ ላይ የደረቁት የወርቅ ቅንጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር ናቸው፤ በላያቸው የተዋህሲውን ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተለጥፎባቸዋል። ፕሮቲኑ ደሙ ውስጥ ካለ ቅንጣቶቹ መስመሩ ላይ ተይዘው ይከማቻሉ፤ ካለዚያ ያልፋሉ። የእርግዝናና የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራዎችም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ወርቅ ለምን ቀይ ይሆናል? ቅንጣቱ ወደ ጥቂት አሥር ናኖሜትር ሲወርድ በውስጡ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር አብረው ይርገበገባሉ፤ በ520 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ይውጣሉ፤ የቀረው ቀይ ሆኖ ይታያል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ቢጣበቁ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1857 ቀይ የወርቅ ፈሳሽ አዘጋጅቶ ቀለሙ ከቅንጣቶቹ ትንሽነት የመጣ መሆኑን ተከራክሯል። ከእርሱ በፊትም የሮም ብርጭቆ ሠሪዎች ምክንያቱን ሳያውቁ ተጠቅመውበታል። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የሊኩርጎስ ጽዋ ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከኋላ ሲያልፍበት ቀይ ይሆናል፤ በብርጭቆው ውስጥ የወርቅና የብር ጥቃቅን ቅንጣቶች ተበትነዋል። እዚህ ላይ የናኖሜትሩ ቁጥር ጌጥ አይደለም። መጠኑ ሲለወጥ የነገሩ ጠባይ ይለወጣል፤ በትልቁ ቢጫ የሆነ ብረት በትንሹ ቀይ ነው።

ይሁንና እዚህም ቢሆን የቅንጣት መጠን ቀላል ቁጥር አይደለም። አንዱ የወርቅ ቅንጣት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ደርቆ ሲታይና በውሃ ውስጥ ሳለ ከሚበትነው ብርሃን ሲሰላ ሁለት የተለያዩ ልኮች ይሰጣል። ሁለተኛው የሚለካው ቅንጣቱን ከተሸከመው ሽፋንና ከሚጎትተው የውሃ ካባ ጋር ነው፤ ስለዚህ ይበልጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የለኩት ነገር ይለያያል እንጂ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ ማዕከል ከፍቷል፤ በሌሎች የአገሪቱ ተቋማትም ስለ ናኖ ቅንጣት ይጠናል። የአንዱ ተቋም ውጤት ከሌላው ጋር ሊመዛዘን የሚችለው ከቁጥሩ አጠገብ የመለኪያው ዘዴ ሲጻፍ ብቻ ነው።

የአውሮፓ ሕብረት ሕግ አውጪዎችም ይህ ችግር ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውና በ2022 የታደሰው ምክረ ሐሳብ ናኖ ቁስ የሚለው፣ ከቅንጣቶቹ በቁጥር ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ሲሆኑ ነው። «በቁጥር» የምትለዋ ቃል ክብደት አላት። በአንድ ኪሎ ዱቄት ውስጥ በሚዛን ሲታይ ኢምንት የሆነው ደቃቁ ክፍል በቁጥር ሲታይ አብዛኛውን ሊይዝ ይችላልና። በሕብረቱ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ናኖ ንጥረ ነገር ያለበት መዋቢያ ይህንኑ በማሸጊያው ላይ የመጻፍ ግዴታ አለበት። ለምግብ ንጣት ሲጨመር የኖረው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ፣ የደቃቆቹ ቅንጣቶች ጉዳይ ባስነሳው ሥጋት ምክንያት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከምግብ ታግዷል።

በአየር ላይ ስላለ ብናኝ የሚጠቀሰው ፒኤም 2.5 የሚባለው ልክም እንደሚመስለው አይደለም። 2.5 ማይክሮሜትር ወይም 2,500 ናኖሜትር የተባለው የብናኙ የእውነት ወርድ ሳይሆን፣ በአየር ላይ ከእርሱ እኩል ፍጥነት የሚወርድ የውሃ ጠብታ ቢኖር የሚኖረው ወርድ ነው። ሸካራ ጥቀርሻና ድቡልቡል ጠብታ በአንድ ስም የሚጠሩት በዚህ ነው። ለሳንባ የሚበጀውም ይኸው ነው፤ ብናኙ የት ድረስ ዘልቆ እንደሚገባ የሚወስነው አወራረዱ ነውና። በማገዶ እንጀራ የምትጋግር እናት የምትተነፍሰው ጭስ ግን አብዛኛው ከ1,000 ናኖሜትር በታች ስለሆነ ከዚህ ወሰን እጅግ ዝቅ ብሎ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይደርሳል።

ስለ ጭንብልም የተሰራጨ የተሳሳተ ግምት አለ። ኤን95 የሚባለው ጭንብል የሚፈተነው በ300 ናኖሜትር አካባቢ ባሉ ቅንጣቶች ስለሆነ፣ 100 ናኖሜትር የሆነ ቫይረስ በቀላሉ ያልፋል ብለው የተከራከሩ ብዙ ነበሩ። እውነቱ ሌላ ነው። 300 የተመረጠው ለማጣራት አስቸጋሪው መጠን እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። ከዚያ የሚበልጡት በግፋታቸው ከጭንብሉ ክር ጋር ይጋጫሉ፤ ከዚያ የሚያንሱት የአየር ሞለኪውሎች ስለሚያንገላቷቸው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ክሩ ላይ ይለጠፋሉ። በዚያ ላይ ቫይረሱ የሚወጣው ለብቻው ሳይሆን በትንፋሽ ጠብታ ውስጥ ነው።

ናኖሜትር ከሁሉ ይበልጥ ከትርጉሙ የራቀው በኮምፒዩተር ቺፕ ገበያ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ የቀረበው ኢንቴል 4004 በ10 ማይክሮሜትር ማለትም በ10,000 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ የተሠራ ነበር፤ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። በዚያ ዘመን የትውልዱ ስም በሲሊከኑ ላይ ሊለካ ከሚችል ነገር ጋር ይቀራረብ ነበር። ትራንዚስተር ኤሌክትሪክን የሚያሳልፍና የሚያግድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ የሚያዘው ክፍሉ ጌት ይባላል፤ የስሙ ቁጥር የዚህን ጌት ርዝመት ወይም በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ግማሽ ያመለክት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ስሙና ልኩ ተለያዩ። ስሙ በየትውልዱ በ0.7 ገደማ እየተባዛ ከ10 ወደ 7፣ ከ7 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 3 ወረደ፤ በሲሊከኑ ላይ ግን ያን ያህል የወረደ ነገር የለም።

ለምሳሌ ሳምሰንግና የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ማምረት የጀመሩት ቴክኖሎጂ 3 ናኖሜትር ይባላል። የዘርፉ ዓለም አቀፍ ፍኖተ ካርታ ለዚህ ትውልድ የሚያስቀምጠው ከአንዱ ጌት እስከ ቀጣዩ ጌት ያለው ርቀት 48 ናኖሜትር፣ ከአንዱ የብረት መስመር እስከ ቀጣዩ ደግሞ 24 ናኖሜትር ነው። በሲሊከን ክሪስታል ውስጥ የአቶሞቹ ድርድር በየ0.543 ናኖሜትሩ ራሱን ስለሚደግም፣ በእውነት 3 ናኖሜትር የሆነ ነገር ከስድስት ድግግሞሽ ያነሰ ይሆን ነበር። የቲኤስኤምሲ የምርምር ኃላፊ የነበሩት ፊሊፕ ዎንግ እ.ኤ.አ. በ2019 ባደረጉት ንግግር ቁጥሩ እንደ መኪና ሞዴል ስም መሆኑን ተናግረዋል። የኢንቴል 10 ናኖሜትር በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 100 ሚሊዮን ገደማ ትራንዚስተር ሲይዝ የቲኤስኤምሲ 7 ናኖሜትር 91 ሚሊዮን ገደማ ይይዝ ነበር፤ ስማቸውን ብቻ የሰማ ገዢ ግን ሁለተኛው ጥቅጥቅ ያለ ይመስለዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 የተሻሻለውን 10 ናኖሜትር «ኢንቴል 7» ብሎ ሰየመው፤ ናኖሜትር የሚለውን ቃል ጭራሽ አወጣው፤ ለተከታዮቹም አንግስትሮምን የሚያስታውስ «20ኤ» የሚል ስም አወጣ።

ይህ ማለት አዲሱ ትውልድ ከአሮጌው አይሻልም ማለት አይደለም። በእርግጥ ይሻላል፤ በእኩል ቦታ ብዙ ትራንዚስተር ይይዛል፤ ባትሪም ይቆጥባል። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጡ ቺፖችን ለማወዳደር ሲውል ነው። ስልክ የሚገዛ ሰው 4 ከ5 ይሻላል ብሎ ተጨማሪ ብር ከመክፈሉ በፊት ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ባትሪው ቆይታና ስለ ሙቀቱ የተደረጉ ፈተናዎችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ከዘርፉ ውስጥም መፍትሔ ቀርቧል። ራሳቸው ዎንግ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ የአንድ ስም ቁጥር ቀርቶ የሎጂክ፣ የማስታወሻና የግንኙነት መስመሮች ጥግግት በሦስት ቁጥር እንዲነገር ሐሳብ አቅርበዋል። ፋብሪካዎቹ ግን በማስታወቂያቸው እስካሁን አንዱን ቁጥር ይመርጣሉ።

በእነዚሁ ፋብሪካዎች ውስጥ ያለው ሌላው ናኖሜትር ግን ጥብቅ ነው። የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል የሚሠራው ማሽን ንድፉን የሚያትመው 13.5 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን ነው፤ ይህ ቁጥር የሞገዱ ርዝመት ስለሆነ ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ብርሃኑን ለማግኘት በሰከንድ 50,000 የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎች በሌዘር ይመታሉ። ይህን ብርሃን አየርም ሌንስም ስለሚውጡት ሥራው ሁሉ አየር በሌለበት ክፍል፣ በመስታወት እያነጠረ ይከናወናል።

የታተመው መስመር ወርድ ሲለካ ደግሞ የጫፍ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የመስመሩ ጠርዝ ስለት የለውም፤ ጥቂት ናኖሜትር የሚሰፋ የብርሃን ወሰን ነው። ጠርዙ ከወሰኑ ውስጥ የቱ ጋ እንደሆነ ካልተስማሙ ሁለት ላቦራቶሪዎች አንዱን መስመር በሁለት ልክ ይጽፉታል። ሙቀትም አለ። 100 ሚሊሜትር የሆነ የብረት መለኪያ ብሎክ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 1,150 ናኖሜትር ያህል ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1931 የርዝመት ልክ ሁሉ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይነገር የተባለውም ለዚህ ነው። ብሎኩን በጣቱ የያዘ ቴክኒሻን ከመለካቱ በፊት እስኪበርድ የሚጠብቀውም ለዚሁ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የሥነ ልክ ተቋም የርዝመት ላቦራቶሪን የመሰለ ክፍል ሙቀቱ ተጠብቆ የሚያዘው ለምቾት አይደለም።

ለጠርዙ ጥያቄ የተገኘው መልስ ከሲሊከኑ ራሱ ነው። የንጹሕ ሲሊከን አቶሞች ረድፎች የሚራራቁበት ርቀት በኤክስሬይ በጥንቃቄ ተለክቷል፤ አንዱ የረድፎች ቤተሰብ በየ0.192 ናኖሜትሩ ይደረደራል፤ ቁጥሩ ከዚህ በኋላም ብዙ አሃዞች ድረስ ይታወቃል። የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ርቀት ለናኖሜትር ሥራ የሜትር ሁለተኛ መገኛ መንገድ አድርገው ተቀበሉት። ስለዚህ የአንድ መስመር ወርድ ሲፈተሽ ናሙናው ተሰንጥቆ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከዚህኛው ጠርዝ እስከዚያኛው ያሉት የአቶም ረድፎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ድምሩ በ0.192 ይባዛል። በዚህ መንገድ የተለኩ ናሙናዎች የፋብሪካ ማይክሮስኮፖች የሚቃኙባቸው ማመሳከሪያዎች ሆነዋል። ከናሙናው ጋር የሚሰጠው ወረቀት የመስመሩን ወርድ፣ የስህተቱን መጠን፣ የክፍሉን ሙቀትና የቆጠራውን ዘዴ ያሰፍራል።